አሻራው ንጹሕ ነው፤ ቅጹ ግን ሌላ ይጠይቃል

ባልደረባዬ ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። አንደኛው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ አሻራ ሰጥቶ ያወጣው የወንጀል ነጻ ማስረጃ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት፣ ምንም ዓይነት የወንጀል ሪከርድ እንዳልተገኘበት የሚናገር። ሁለተኛው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በኢሜይል የላከለት የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ አንዷን ጥያቄ በእርሳስ ከቧታል። «በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ጊዜ፣ በወንጀል ጥፋተኛ ተብለው ያውቃሉ?» ከሥሯ ሁለት ሳጥን፤ አዎ ወይም አይደለም።

«መንግሥት የለብህም ካለኝ፣ አለብኝ ብዬ የምከራከረው እኔ ማን ነኝ?» አለኝ።

ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሐዋሳ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቅጽ ሲገጥመው እኔ ጋ ይመጣል፤ የዲቪው፣ የስኮላርሺፑ፣ የኤምባሲው። አብዛኛው የሚፈልገው ትርጉም ነው፤ ተርጉሜለት፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ይሄኛው ግን የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ እንግሊዝኛውም ከብዙዎቻችን አያንስም፣ ጥያቄው በደንብ ገብቶታል። የፈለገው «አይደለም በልና እለፍ» የሚለው ሰው ነበር። ልለውም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ምን እንደያዘኝ ያኔ አላወቅኩትም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም።

ግንቦት 20 ማታ

ታሪኩ የቆየ ነው። ግንቦት 20 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፤ ባርሴሎና ዌምብሌይ ላይ ማንችስተር ዩናይትድን 3 ለ 1 ያሸነፈበት የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ። እሱ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ የማንቼ ደጋፊ ነው፣ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቀው ያያሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ከኋላው የነበረ የአርሴናል ደጋፊ አላርፍ አለ። የኳስ ቤት የሚያውቅ የቀረውን ይገምተዋል። የፕላስቲክ ወንበር ተወረወረ፣ የልጁ ቅንድብ ተተረተረ፣ ፖሊስ መጣ፣ ሌሊቱን ጣቢያ አደረ፣ በማግስቱ አባቱ ዋስ ሆነው አስወጡት። በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣቱ የገንዘብ መቀጮ ነበር። ከፈለ፣ ለልጁም የሕክምናውን ሰጠ፣ አለቀ። ሽማግሌ ያስታረቃቸው ከፍርዱ በኋላ ነው። ዛሬ ሁለቱ አንድ ላይ ዕቁብ ይጥላሉ።

በዚያ ሁሉ ውስጥ አሻራ ስጥ ያለው ሰው አልነበረም። ተመረቀ፣ ተቀጠረ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ አገባ፤ ስለዚያች ሌሊት የጠየቀው የለም። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይባላል፤ እሱም አልሠራም። ክረምቱ ተመልሶ የመጣው ሥራ ፍለጋ ከአገር ለመውጣት ባሰበ ጊዜ ነው። ለምን እንዳሰበ አላብራራም፤ ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተንሳፈፈ ወዲህ የአስተማሪ ደመወዝ ምን ላይ እንደደረሰ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሪከርዱ በፊት ፓስፖርቱ

ሰው «የወንጀል ታሪክ» ሲሰማ ትልቁ እንቅፋት እሱ ይመስለዋል። ለእኛ ግን ከዚያ በፊት የሚቆም ሌላ እንቅፋት አለ። ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ አስተማሪ የምትሰጠው ኢ-2 የሚባለው ቪዛ በመሠረቱ የሰባት አገር ዜጎች ነው፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያዊ ከሆንክ ሪከርድህ የበረዶ ያህል ቢነጣ ለውጥ የለውም። ቻይናም እንግሊዝኛ አስተምሩልኝ የምትለው በአብዛኛው ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆነ አገሮችን ዜጎች ነው። በዚህ መስፈርት እኔ ዕድሜዬን በሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለሁም። ይሄ ሌላ ቀን የማወራው ንዴት ነው።

ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ይሻላል። እዚያ የሚፈለገው ትምህርቱ ስለሆነ ለፓስፖርቱ ቀለም የሚሰጠው ቦታ ትንሽ ያንሳል። እኛም እንዲሁ አድርገናል፤ በኃይለ ሥላሴም በደርግም ዘመን ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩንን ሕንዶች ያላየ ከተማ ጥቂት ነው። ወደዚህ ሲመጡ ምን ዓይነት ቅጽ ሞልተው ይሆን? ጠይቀናቸው እናውቃለን?

የወረቀቱን ጉዞ የሞከረው ያውቀዋል። ዲግሪው ይረጋገጣል፣ ይተረጎማል፣ ውልና ማስረጃ ይሄዳል፣ ውጭ ጉዳይ ይሄዳል፣ ከዚያ ኤምባሲ። የወንጀል ነጻ ማስረጃውም ያንኑ መንገድ ይከተላል፤ ልዩነቱ ማስረጃው እያደር ያረጃል። ብዙ ቀጣሪ ከ3 ወይም ከ6 ወር በላይ የቆየ አይቀበልም። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንዱ ወረቀት ሲዘገይ ሌላው ጊዜው ያልፍበትና እንደገና በሻሸመኔና በዝዋይ አድርጎ መውጣት ነው።

ይሄንን ሁሉ አልፎ ነው ባልደረባዬ ሳጥኗ ላይ የደረሰው።

ሦስቱ ቅጾች

ሦስት ቦታ ነበር የሞከረው፤ የባሕረ ሰላጤው ትምህርት ቤት፣ አንድ የቻይና ትምህርት ቤት፣ ሌላው ደግሞ ጄ-1 በሚባለው ቪዛ የሚኬድበት የአሜሪካ የመምህራን ልውውጥ። የመጨረሻው ዲግሪና ቢያንስ የ2 ዓመት የማስተማር ልምድ ይፈልጋል፣ 3 ዓመት ያሠራል፣ ከተፈቀደ 2 ይጨመራል። አንድ እሑድ ከሰዓት ሦስቱንም ቤቴ ይዞ መጣ። ቡና ተፈልቶ ነበርና ጎረቤታችንም አብረውን ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው ባሉበት እንድናነበው ያልኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የቻይናውን አነበብኩ። ስለ ወንጀል የሚለው አንድ መስመር ነው፤ የወንጀል ነጻ ማስረጃ፣ ተረጋግጦ ይላክ። ሌላ ጥያቄ የለም። ማስረጃው አለው፣ ንጹሕ ነው። የባሕረ ሰላጤውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀው ነበር። ሦስተኛው የአሜሪካ ቪዛ የኢንተርኔት ቅጽ፣ ዲኤስ-160 የሚሉት ነው። ጥያቄውን ቀስ እያልኩ ወደ አማርኛ መለስኩት፦ «በማንኛውም ጥፋት ወይም ወንጀል ተይዘው ወይም ጥፋተኛ ተብለው ያውቃሉ? ይቅርታ፣ ምሕረት ወይም ሌላ ተመሳሳይ ነገር የተደረገልዎ ቢሆንም እንኳ።»

«ድገሚው እስቲ፣ ልጄ» አሉ ጋሼ።

ደገምኩት። «እንኳ» የምትለዋን ሲሰሙ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

የሚሉን ነበራቸው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የወንጀል ሕግም መሰየም የሚባል ነገር አለ። ተፈርዶበት ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ጽኑ እስራት ከሆነ 5 ዓመት፣ በሌላው 2 ዓመት ቆይቶ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ጥፋት ካልሠራና የበደለውን ከካሰ፣ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በክፋት ያንን ፍርድ እያነሳ ስሙን የሚያጠፋ ሰው «እውነቴን ነው» ብሎ እንኳ አያመልጥም።

«በሥራ ዘመኔ ይህንን አንቀጽ ይዞ የመጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው» አሉ። «ሰው ቅጣቱን ከከፈለ ያለቀለት ይመስለዋል። ፍርዱ ግን ካልጠየቅክ በራሱ ተነሥቶ አይሄድም።» ቀጥለው ወደ እሱ ዞሩ። «ደግሞ አንተ ልጅ፣ የዚያን ጊዜ ቀድማችሁ ብትታረቁ ኖሮ! ቀላል የአካል ጉዳት እኮ በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ነው። ልጁ ከፍርዱ በፊት አቤቱታውን ቢያነሳ ጥፋተኛ የሚልህም አይኖርም ነበር።»

«ሽማግሌዎቹ ፋሲካን እንጠብቅ ብለው ነው፣ ጋሼ» አላቸው። እሳቸውም ሳቁ።

እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጉዳዩን «ይዋሽ ወይስ እውነቱን ይናገር» በሚል ብቻ ነበር የማየው፤ ሦስቱን ጎን ለጎን ሳነባቸው ግን የሚጠይቁት አንድ ነገር አይደለም። የቻይናው የሚጠይቀው መዝገቡን ነው፤ መዝገቡ ዛሬ ስለዚህ ሰው ምን ይላል? የባሕረ ሰላጤው የሚጠይቀው ሰውየውን ነው፤ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎህ ያውቃል? የአሜሪካው ደግሞ እንደ ሙሽሪት ወገን ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ፍርዱ ብቻ አይበቃውም፣ መያዙንም ይፈልጋል፣ አገርህ ይቅር ቢልህም ልስማው ይላል። ባልደረባዬ ከፍርዱ በፊት ታርቆ ቢሆን ኖሮ ለሁለተኛው «አይደለም» ብሎ፣ ለሦስተኛው «አዎ፣ አንድ ሌሊት ጣቢያ አድሬያለሁ» ማለት ነበረበት። ሁለቱም እውነት ይሆኑ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ለጠየቀኝም መልሱ እዚያው ነበር። ንጹሑ ወረቀት ስለ መዝገቡ እንጂ ስለ እሱ አይመሰክርም። መንግሥት የለብህም አላለውም፤ ያለው አላገኘሁብህም ነው።

አገር ሁሉ የየራሱ የማስታወሻ ዕድሜ አለው። የእኛ ሕግ ለመቀጮ 2 ዓመት ይልና ከዚያ ማመልከቻ ይጠብቃል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ አለ፤ ጊዜ ያለፈበት ፍርድ ለአብዛኛው ሥራ እንዳይነገር ይፈቅዳል፣ አስተማሪን ግን ከዚያ ያስወጣዋል። ለአስተማሪም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2020 የተሻሻለ ማጣሪያ አላቸው፤ አዋቂ ሆኖ ለቀላል ጥፋት ያለ እስራት የተቀጣ ሰው፣ ጥፋቱ ከከባዶቹ ዝርዝር ካልገባ፣ ከ11 ዓመት በኋላ በምርመራው ወረቀት ላይ አይወጣበትም። የባልደረባዬ ወንበር ሎንዶን ተወርውሮ በቀላል ድብደባነት ተፈርዶበት ቢሆን ይህን ጊዜ ተጣርቶ ወጥቶለት ነበር። አሜሪካ በጥያቄ ደረጃ ዕድሜ አታስቀምጥም። ይህን ስነግረው «ታዲያ የትኛው ነው ልክ?» አለኝ። እኔ እንጃ። የእኛው የተሻለ ይመስለኛል፤ ብንጠቀምበት።

ለምን ይጠይቃሉ?

በዚያ ሰሞን ስለ ጥያቄው ብዙ ተማረርን። ሳጥኗ ወንበር የወረወረንና ሕፃን የደፈረን አትለይም፤ ሁለቱም «አዎ» ናቸው። ግን አስተማሪ ነኝ፣ እናትም ነኝ፣ ምሬቴ ሩቅ አልሄደም።

ዊልያም ቫሂ የሚባል አሜሪካዊ አስተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕፃናት ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ተፈርዶበታል። ከዚያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአገሩ ወጣና ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች አስተማረ፤ ከኢንዶኔዥያ እስከ ቬኔዙዌላ፣ ከሎንዶን እስከ ኒካራጓ። ጉዳዩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ኮምፒውተር ማስቀመጫው ውስጥ የተኙ ወንዶች ልጆች ፎቶ ተገኘ፣ እሱ ራሱን አጠፋ፣ ኤፍቢአይም ተጎጂዎችን በየአገሩ መፈለግ ጀመረ። ሪከርድ ነበረው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲዛወር ግን በዚያ ሪከርድ የቆመበት በር አልነበረም። በዚያው ዓመት የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ማኅበራት የልጆች ጥበቃ ግብረ ኃይል አቋቁመው የቅጥር አሠራራቸውን ማጥበቅ ጀመሩ። ኮሪያም እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ለአስተማሪ ቪዛ የወንጀል ማስረጃ መጠየቅ የጀመረችው እዚያ ሲያስተምር የነበረ አንድ የውጭ ሰው በሕፃናት ጥቃት ታይላንድ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ነው።

ይሄንን ካነበብኩ በኋላ ሳጥኗን መጥላት አቃተኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር። እንዲያውም ያፈርኩት በራሳችን ነው። እዚህ ስቀጠር ዲግሪዬን አዩ፣ የሙከራ ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ፣ ደመወዝ ተስማማን፣ ገባሁ። ከልጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ በሬን ዘግቼ ልውል ነው፤ «ከዚህ በፊት ምን አድርገሽ ታውቂያለሽ?» ያለኝ የለም። እኛ የምንማረርበት ጥያቄ የእኛ ልጆች ያላገኙት ነው።

የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው፤ «አዎ» የሚለውን አይቶ ቀጣዩን ገጽ ሳያነብ ማመልከቻውን የሚጥለውን። መጠየቅ ካልቀረ ማንበብም የጠያቂው ሥራ ነው።

«ወረቀትህ ንጹሕ አይደል?»

አዲስ አበባ ያለ ጉዳይ አስፈጻሚ በስልክ የመከረው አጭር ነበር። «ወረቀትህ ንጹሕ አይደል? ምን አስጨነቀህ? አይደለም በልና እለፍ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሞላው።»

ሰውየው ክፉ አይደለም። ኮሚሽኑ የሚገባው ባልደረባዬ ሲሄድ ነው፣ ከሄደ በኋላ የሚሆነው አይመለከተውም። እኔ ያስፈራኝ ግን ከሄደ በኋላ ያለው ነው። እንዲህ ያለ የአንድ ሌሊት ድብድብ ራሱ ብዙ ቦታ አያስከለክልም። በአሜሪካ ሕግ ቪዛ የሚያሳጡት ጥፋቶች ዓይነታቸው ተለይቶ የተቀመጠ ነው፣ ተራ ድብድብ በአብዛኛው እዚያ አይመደብም። የሞራል ብልሹነት ያለበት ነው ከሚባለው ወገን ቢመደብ እንኳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ቅጣት ከ1 ዓመት ካልበለጠና የተፈረደው እስራት ከ6 ወር ካላለፈ፣ ልዩ ሁኔታ አለው። ውሸቱስ? ቪዛ ለማግኘት ሆን ብሎ ዋናውን ነገር የደበቀ ሰው ላይ አሜሪካ የምትጥለው እገዳ የጊዜ ገደብ የለውም። እንግሊዝ ማታለል ካገኘች እስከ 10 ዓመት፣ ካናዳ 5 ዓመት ትዘጋለች። ወንበሩ ያላሳጣውን ሳጥኗ ታሳጣዋለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

«ማን ያውቃል?» አለኝ እሱ። ይሄ በእርግጥ ጠንካራ ክርክር ነበር፤ ማወቂያው መንገድ ጠባብ ነው። ግን ውሸቱ አንድ ጊዜ ተነግሮ አያርፍም። ውል ሲታደስ ይጠየቃል፣ ትምህርት ቤት ሲቀየር ይጠየቃል፣ ባለቤቱን ሊወስድ ሲያመለክት ይጠየቃል፤ ሁልጊዜ ያንኑ መልስ ማስታወስ አለበት። የፍርድ ቤቱ ፋይል ደግሞ ሐዋሳ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል። ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ ቁጠሩት እንግዲህ።

ደብዳቤው

«አዎ» ላይ ምልክት ማድረጉን የወሰነው ራሱ ነው፣ ባለቤቱ ጋ ከተማከረ በኋላ። እኔ የረዳሁት ከሳጥኗ ሥር ያለው «ያብራሩ» የሚለው ባዶ ቦታ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ረቂቁ ሁለት ገጽ ነበር። ስለ አርሴናል ደጋፊው ስድብ፣ ስለ ወጣትነት፣ ስለ ጸጸት፣ መጨረሻ ላይ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት። ቆረጥኩት። ተጣላን። «አለመግባባት ተፈጠረ» የምትለውን ሐረግ ለማስቀረት ብቻ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን፤ ወንበር ወርውረህ አለመግባባት የምትለው ነገር የለም አልኩት። የቀረው ይሄ ነው፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ ያደረገው፣ የፈረደው ፍርድ ቤት፣ የተጣለው መቀጮና የተከፈለበት ቀን፣ ለተጎጂው የሰጠው ካሣ፣ ሕፃን ያልነበረበት መሆኑ፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ሌላ ክስ አለመኖሩ። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር፤ የፍርዱ ግልባጭ ተያይዟል።

ግልባጩን ማግኘቱ ነበር ከባዱ። መዝገብ ቤት የሚጠይቁት የመዝገብ ቁጥር ነው፣ እሱ ደግሞ የሚያስታውሰው ግቡን ያገባው ማን እንደሆነ ብቻ ነው። ያዳኑት አባቱ ናቸው። የመቀጮውን ደረሰኝ ከቤቱ ካርታ ጋር በላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠውት ኖሯል፤ ቁጥሩ እሱ ላይ ነበር። ከዚያ ትርጉም፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ። የራሱን ጥፋት በገዛ ገንዘቡ አስተርጉሞ ማኅተም ሲያስመታ የተራ አስከባሪው «የምን ሰነድ ነው?» ቢለው «የኳስ ውጤት» ብሎታል።

ለቻይናው ምን እናድርግ የሚለው ላይ ከጋሼ ጋር አልተስማማንም። እሳቸው «ያልተጠየቅከውን አትመልስ፣ ማስረጃ አምጣ ተባልክ፣ አመጣህ» ይላሉ። በሕግ ዓይን ልክ ናቸው። እኔ በቃለ መጠይቁ ላይ በቃል ከጠየቁት ያንኑ ደብዳቤ ይላክላቸው ብዬ ነበር፤ አልጠየቁትም፣ ሌላ ሰው ቀጠሩ።

የባሕረ ሰላጤው ትምህርት ቤት ጭራሽ አልመለሰም። እሱ «አዎ» ስላልኩ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል። «አይደለም» ያሉ ስንት ሰዎችም መልስ ሳይመጣላቸው ቀርተዋል፤ ማረጋገጫ የለንም፣ ይሄ ነገር እንዲህ የሚያበሳጨውም ለዚህ ነው፤ በምን እንደተጣልክ የሚነግርህ የለም። የአሜሪካውን ላኪ ድርጅት ገና እየጠበቀ ነው። በመሐል ግን እዚያው ባሕረ ሰላጤ ያለ ሌላ ትምህርት ቤት ያንኑ ደብዳቤ ተቀብሎ በቪዲዮ አነጋገረው። የልጆች ጥበቃ ኃላፊዋ ሦስት ነገር ጠየቀችው፤ ልጅ ነበረበት ወይ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ አለ ወይ፣ ግልባጩ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ስም ለምን በአንድ ፊደል ይለያል። ሦስተኛው ነው ላብ ያስጠመቀው። የቀረው ጊዜ አልጀብራ እንዴት እንደሚያስተምር ላይ አለቀ። ውል ልከውለታል፤ ደመወዙ ከመጀመሪያው ያንሳል፣ የቤት ኪራይ ግን ይከፍላሉ፣ እያሰበበት ነው።

ወሬው መምህራን ማረፊያ ክፍል ከደረሰ ወዲህ ሌሎችም እየመጡ ነው። አንዱ የደረቅ ቼክ ጉዳይ አለበት፣ ሌላው በመኪና ሰው ገጭቶ በገደብ የተለቀቀ ነው። ሁሉም የሚጀምሩት «አሻራው ላይ ይወጣ ይሆን?» ብለው ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ቅጹ ምን እንደሚል ነው፤ ከዚያ ወደ ጋሼ እልካቸዋለሁ።

ከባልደረባዬ ጋር አሁን የምንጨቃጨቀው በመሰየሙ ነው። ጋሼ ማመልከቻውን በአንድ ገጽ ጽፈውለታል፣ እኔም በኮምፒውተር ተይቤዋለሁ። እሱ ግን ምን ይጠቅመኛል ይላል፤ አሜሪካ «እንኳ» ብላለች፣ ለትምህርት ቤቱም ነግሬዋለሁ፣ ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ውሉን ፈርመህ ከሄድክ በኋላ ሐሳብህን ብትቀይር ውክልና ከኤምባሲ መላክ ሊኖርብህ ነው፣ አባትህ በዚህ ዕድሜያቸው ፍርድ ቤት ሊመላለሱልህ ነው። «አባቴማ ደስ ይላቸዋል» አለኝ ትናንት፤ «ደረሰኙን ያስቀመጡበት ምክንያት አገኙ።» ማመልከቻውን ግን ይዞት ሄደ።